ሹመት ነው ወይስ ማራቂያ? የራስ እምሩ መንገድ ከጎጃም እስከ ሞስኮ

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በተካሄደ የንባብ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ብዙም አልተነካካም።)

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት ዋላችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? እንዴት ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ሰማሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ማይኩ ይጮኻል መሰለኝ። ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ቀንሱት። እግዜር ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከፖሊቴክኒኩ ግቢ ከፖሊም፣ ከመምህራን ትምህርቱ ግቢ ከፔዳም የመጣችሁ ተማሪዎች፤ በዚህ ሙቀት ጣና ዳር ሄዶ አሣ መብላት ሲቻል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለገባችሁ አመሰግናለሁ። አላስረዝምም። ይሄን ሁሉም ተናጋሪ ይላል፣ አውቃለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ይሄ ነው፦ ረጅም ዘመን በፖለቲካ አገልግሎ በኋላ ዲፕሎማት ስለሆነ ሰው ተናገር። እኔም «ስለ የትኛው?» አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው አገራችን ሞልቷታላ! ሚኒስትር ነበር፣ ክልል መርቷል፣ ፓርቲ አደራጅቷል። አንድ ቀን ማታ ዜና ላይ «ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ሆነው ተሹመዋል» ይባላል። በማግስቱ ቡና ላይ ምን እንላለን? እውነት እናውራ። «አሃ! ገለል አደረጉት» እንላለን። አንልም? (ሳቅ)

ይሄ ጥርጣሬያችን ዛሬ የመጣ አይደለም። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ትቼ ወደ ኋላ ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ለእኛ ሩቅ ያልሆነ ሰው ፈለግሁ። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን መረጥኩ። ይሄን የእኛን ጎጃምን ገዝተዋል። የጎጃምን ጦር ይዘው ሽሬ ዘምተዋል። የአገር እንደራሴ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት አምባሳደር ሆነው ኖሩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ያ ሁሉ አምባሳደርነት ሹመት ነበር ወይስ ማራቂያ?

በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ከዲፕሎማሲው በፊት እኚህ ሰው ማን ነበሩ? ሁለተኛ፣ ባሕር ማዶ ምን ገጠማቸው፣ ምንስ ሠሩ? ሦስተኛ፣ ታኅሣሥ 1953። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የፈረንጁን እናንተ አስሉት።

አንደኛው።

ራስ እምሩ የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ ነው። ያደጉት ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኮንን ጋር ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ አስተማሪ። አስተማሪያቸው አባ ሳሙኤል ነበሩ። አብረው ቆጥረው፣ አብረው ተቀጥተው ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዱ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ሌላው አገረ ገዢ። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሐረርን ገዙ፣ ወሎን ገዙ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት አመለጡ። በማምለጡ ነገር የጎጃሙ ገዢ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጅ አለበት ተባለ። ራስ ኃይሉ ታሰሩ። ለትውልድ በገዛ ቤቱ ገዢዎች ሲመራ የኖረው ጎጃም ከውጭ የመጣ ሰው ተሾመበት። ያ ሰው ራስ እምሩ ነበሩ።

እስቲ ጎጃሞች ሆነን እናስበው። ጎጃሜ እንግዳ ይወዳል። እንግዳ ሹም ሲሆን ግን… (ሳቅ) ዝም ብዬ ልለፈው። አቀባበሉ ቀላል አልነበረም ማለት ይበቃል። የቀድሞው ቤት ወገኖች ልባቸው አልተረጋጋም። ጦርነቱ በመጣ ጊዜም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከዘመቻው ተመልሰው እዚሁ ጎጃም ላይ ሸፈቱ። ራስ እምሩ ፊት ለፊት ከጣሊያን፣ ከጀርባ ደግሞ ከገዛ ግዛታቸው ጋር ነበር የተያያዙት።

አያቴ ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሽሬ ዘማች ቤት የተወለደ ሌላም ሰው አይጠፋም። ከጎጃም እስከ ትግራይ ጫፍ በእግር ነው የተሄደው። ስንቁ በሶና ቋንጣ፣ ጠመንጃው አሮጌ፣ ጫማ የሚባል ነገር የለም። ስለ ራስ እምሩ ስንጠይቃቸው አያቴ ብዙም አይናገሩም። «እኔ ከሩቅ ነው ያየኋቸው» ብቻ ነው መልሳቸው። ስለ ተከዜ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ይጀምራሉ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደንበጉና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ገጠመ። ገበሬ ነው ታንክ የገጠመው። እላያቸው ላይ እየወጡ ያዟቸው። ያ ትልቅ ድል ነበር። ጥቂት ቀን ነው ታዲያ የቆየው። ታኅሣሥ 13 ቀን ጠዋት አውሮፕላን መጣ። የጣለው ቦምብ አልነበረም። በርሜል ነበር። መሬት ሲነካ ይሰበርና ፈሳሽ ይረጫል። የተረጨበት ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ያብጥና ይላጣል። ከወንዙ የጠጣ ሰው በሥቃይ ይንፈራፈራል። ይሄን ራስ እምሩ ራሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ነግረውታል። የአያቴም ታሪክ ያው ነው። እሳቸው «ዝናብ» ነበር የሚሉት። የመርዝ ጋዝ የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ያውቁታል?

ይሄን የምናገረው ለልቅሶ አይደለም። በኋላ አምባሳደር የሆነው ሰው ምን ዓይቶ እንደሄደ እንድታውቁልኝ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቭ ተቀምጦ ሲመክር፣ እሳቸው ተከዜ ዳር የወታደሮቻቸውን ፊት እያዩ ነበር። የዓለም ፖለቲካ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም።

ከሽሬ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሠራዊቱ ተበተነ። ንጉሡ በሚያዝያ 1928 ወደ ውጭ ሲወጡ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ተዉ። እሳቸውም ጎሬ ወረዱ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች፣ የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር አባላት፣ ከእሳቸው ጋር ሆኑ። በመጨረሻ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበቡና በታኅሣሥ 1929 እጃቸውን ሰጡ። ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ።

አሁን ልብ በሉ። በሐምሌ 1935 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወረደ፣ ታሰረ። የት ወሰዱት? ፖንዛ! የት ቤት አስገቡት? ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት! እውነቴን ነው የምላችሁ። ደራሲ ቢጽፈው «ኧረ አበዛኸው» እንለው ነበር። (ሳቅ፣ ጭብጨባ)

አንደኛውን እዚህ ላይ ላቁመው። ገዢ፣ ጦር አዝማች፣ እንደራሴ፣ እስረኛ። አገራቸው የተመለሱት ሰባት ዓመት ገደማ በግዞት ቆይተው ነው።

ሁለተኛው።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመለስ ምን ይሾማል? እናንተ ንጉሥ ብትሆኑ ምን ትሾሙታላችሁ? የጦር ሚኒስትር? የአገር ግዛት ሚኒስትር? ጠቅላይ ሚኒስትር? ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ለመኮንን እንዳልካቸው ነበር። ባርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ከአንድ ሚኒስቴር ወደ ሌላ ሚኒስቴር እየተዘዋወሩ እዚሁ ትልቁ ወንበር አጠገብ ኖሩ። ራስ እምሩስ? በ1938 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። ከዚያ ሕንድ። ከዚያ ሞስኮ። እስከ 1953 ድረስ መሆኑ ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ዕድሜያቸው ከሃምሳዎቹ መጀመሪያ እስከ ስድሳዎቹ መጨረሻ። ለአንድ ፖለቲከኛ ይሄ የመከር ጊዜው ነው።

ሁለት አስተያየት አለ።

አንዱ እንዲህ ይላል፦ ዘመኑ ዋሽንግተን የምትፈለግበት ዘመን ነበር። የኤርትራ ጉዳይ ተንጠልጥሏል። የተባበሩት መንግሥታት ገና ተመሠረተ። እንግሊዞች ከአገራችን ጉዳይ እጃቸውን ጠቅልለው አልወጡም። እንዲህ ባለ ጊዜ ንጉሡ ከሁሉም የሚያምኑትን፣ የገዛ ሥጋቸውን፣ የጦርነቱን ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ላኩ። ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ራስ እምሩ ስለ መሬት፣ ስለ ጭሰኛ፣ ስለ አስተዳደር ደፍረው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ርስታቸውን ለጭሰኞቻቸው ያካፈሉ ሰው ናቸው። «ቀዩ ራስ» የተባሉት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅርብ ሲሆን ይቆረቁራል፤ ሩቅ ሲሆን ያኮራል። ስለዚህ ሩቅ ይኑር።

እኔ የማን ወገን ነኝ? የዋሽንግተኑን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹ ልክ ናቸው እላለሁ። ከዋሽንግተን በኋላ ለመጣው ግን አልስማማም። ምክንያቴን እነግራችኋለሁ። በፊት ግን የዋሽንግተኑን እንየው፤ እዚያ አንድ ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለ።

የአምባሳደር ሥራ ምንድን ነው? ልጅ ሊጠይቅ እንደሚላክ ሽማግሌ ማለት ነው። ቃሉ የላኪው ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው፣ ቢዋረድም የሚዋረደው ሽማግሌው ነው። የኤርትራን ክርክር በተባበሩት መንግሥታት መድረክ የመሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በኅዳር 1943 ዓ.ም. ሲወሰን፣ በመስከረም 1945 ተግባራዊ ሲሆን፣ ጦራችን ቃኘው ሻለቃ በ1943 ወደ ኮርያ ሲሄድ፣ ዋሽንግተን ላይ የየዕለቱን ደጅ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ራስ እምሩ ነበሩ። ይህ ሥራ ፎቶ የለውም። ዜናም አይሆንም።

አሁን ታሪኩ። መስከረም 1941 ዓ.ም. ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ንግግር ሊያደርጉ ነው። ቦታው ኮንስቲቱሽን ሆል የተባለው የዋሽንግተን ትልቅ አዳራሽ ነው። ዘፋኟን ማሪያን አንደርሰንን «ጥቁር ናት፣ እኛ አዳራሽ አትዘፍንም» ብለው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የከለከሉት ያው አዳራሽ ነው። ዲፕሎማቶች ተጋብዘዋል፣ ቦታቸው ተለይቷል። የኢትዮጵያ ተወካይም ቦታቸውን ያዙ። ያኔ አንድ አስተናጋጅ መጥቶ «እዚህ አይቀመጡም፣ ይነሡ» አላቸው። ለምን? ቆዳቸው ጥቁር ስለሆነ ነዋ!

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። እኚህ ሰው የንጉሥ ዘመድ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሲያልፉ ሕዝብ እጅ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። ታንክ ተዋግተዋል። ከሙሶሊኒ እስር ቤት ወጥተዋል። ፕሬዚዳንቱ በሚናገሩበት፣ በክብር በተጋበዙበት ቦታ ላይ ነው ይሄ የደረሰባቸው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

አንዱ ይሳደባል። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ወደተባለበት ወንበር ይሄዳል። እሳቸው ተነሥተው አዳራሹን ጥለው ወጡ። ቀጥሎ የመጣው ኦፊሴላዊ ተቃውሞ ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ጋዜጦቹ ጻፉት። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችማ ዝም አላሉም፤ በየቀኑ የሚደርስባቸውን ነገር አንድ የውጭ አገር ተወካይ ላይ ሲደርስ ዓለም አየው።

ወጣቶች፣ ዲፕሎማሲ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ ይሄን ጻፉልኝ። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣችም። ወንበሩን ግን አልለቀቁም፤ አዳራሹን ነው የለቀቁት። ልዩነቱ ይገባችኋል? ወደ ኋላ ወንበር ቢሄዱ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ይቀር ነበር። ወጥተው ሲሄዱ ግን ባዶው ወንበር የአሜሪካ መንግሥት ችግር ሆነ። (ጭብጨባ)

እሺ። ሕንድን በአጭሩ ልለፈው። እዚያ የደረሱት በኔህሩ ዘመን ነው። ሕንድ ነፃ ከወጣች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። ንጉሡም በ1949 ዓ.ም. ጎብኝተዋታል። እስቲ ሕንድ አስተማሪ ያስተማረው ሰው እጁን ያውጣ? እዩ፣ እዩ! ጠጉራችን የሸበተው ሁላችንም ነን። የእኔ የሒሳብ መምህር ሕንዳዊ ነበሩ። ራሳቸውን ግራ ቀኝ ሲነቀንቁ እሺ ይሁን እምቢ አናውቅም ነበር። (ሳቅ) እነዚያን ሁሉ መምህራን ራስ እምሩ አመጧቸው አልልም። የኢትዮጵያና የሕንድ ወዳጅነት በዚያ ዘመን እንደተሠራ ግን እናንተም እጅ አውጥታችሁ መስክራችኋል።

ሞስኮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይሄ ወደ ቤታችን ያመጣናል።

በ1951 ዓ.ም. ክረምት ንጉሡ ሶቪየት ኅብረትን ጎበኙ። ሶቪየቶች 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ፈቀዱ። በዚያ ዘመን ያ ትልቅ ገንዘብ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የተሠራው በሶቪየት እርዳታ ነው። ሌላስ ምን ተሠራ? ፖሊ! የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት። በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ባሕር ዳር ምን ነበረች? ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ገበያው፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ ጣና ላይ ታንኳ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ከፖሊና ከፔዳ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኔ ፖሊ ተምሬያለሁ። የወርክሾፕ አስተማሪያችን ሩሲያዊ ነበር። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? ማሽን አላሳየንም። ቁራጭ ብረትና ሞረድ ሰጠን። «አራት ማዕዘን አድርጉት» አለ። በቃ! ሞረድ፣ ሞረድ፣ ሞረድ። መዳፋችን ቆሰለ። ስንጨርስ ብረቱን ይዞ መስኮቱ ጋ ይሄዳል። ማዕዘን መለኪያውን ይገጥምበትና ወደ ብርሃን ያነሣዋል። በመሃል ቀጭን ብርሃን ካለፈ ይመልስልናል። አይቆጣም፣ አይሳደብም። ይመልስልናል ብቻ። አንድ ልጅ ምርር ብሎት ብረቱን ጣና ሊወረውረው ሄዶ ነበር፤ ይዘን ነው የመለስነው። (ሳቅ) በኋላ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥሩ ባለሙያ ወጣው።

ያኔ ያ ወርክሾፕ ከየት መጣ ብለን ጠይቀን እናውቃለን? አናውቅም። ግንብ ነው፣ ማሽን ነው፣ አለ። ከዚያ ግንብ በፊት ግን ወረቀት ነበር። ከወረቀቱ በፊት ደግሞ ሞስኮ በብርድ ተቀምጦ ደጅ የጠና ሰው ነበር። ራስ እምሩ ሞስኮ ላይ አምባሳደር የነበሩት ያ ብድር ከቃል ወደ ሥራ መሸጋገር በጀመረበት ወቅት ነው። ፖሊን እሳቸው አመጡልን ብዬ ሐውልት ልናቁምላቸው አልልም። ሥራው የብዙ ሰው ነው። ስማቸው ግን ከዚያ ሥራ ጋር መነሣት አለበት።

ስለ ጨርቃጨርቃችንም አንድ ቃል። የባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1953 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። የቆቃ ግድብም ከዚያው ካሣ ነው የተሠራው። ጣሊያን ተከዜ ላይ መርዝ አፈሰሰች፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የዚያ ዘማች የልጅ ልጆች በእሷ ካሣ በተሠራ ፋብሪካ ውስጥ ክር ፈተሉ። ካሣው በጣም ትንሽ ነበር፤ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። የተከዜን አንድ ጠዋት እንኳ አይከፍልም። ግን እንዲሁ አልተገኘም። ዓመታት በክርክርና በድርድር ነው የተገኘው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሹመት ነው ማራቂያ?

ዋሽንግተን ሹመት ነበር። ሕንድና ሞስኮ ግን ለእኔ ማራቂያ ናቸው። ለምን? እሳቸው እዚያ ጥቅም ስላልሰጡ አይደለም፤ ሰጥተዋል። ግን በዚያ ጊዜ አገር ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ምን ነበር? መሬት! ርስቱን ራሱ አካፍሎ ያሳየ መስፍን ስንት ነበረን? እሳቸው ኒው ዴልሂ ናቸው። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር የሚባል የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ምን ሆነ? አባቶች ታስታውሳላችሁ። በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ገበሬው ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻም አገረ ገዢውን አነሣ፣ ውዝፉን ግብር ማረ። ማለትም ገበሬው ልክ ነበር ተብሎ ተደመደመ፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ! በዚያን ጊዜ ጎጃምን የገዙት፣ ስለ ጭሰኛ የሚቆረቆሩት ራስ እምሩ አዲስ አበባ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ማን ጠየቃቸው? ይሄ ነው የእኔ ቅሬታ። ሰውን ባሕር ማዶ ስታኖረው ባሕር ማዶ ይሠራልሃል፤ አገር ቤት የሚቀረው ክፍት ቦታ ግን ሌላ ሰው አይሞላውም።

ሦስተኛው። ሰዓት እያለቀ ነው፤ አዘጋጁ እጁን እያሳየኝ ነው። አየሁህ ወንድሜ፣ አየሁህ።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.። ንጉሡ ብራዚል ናቸው። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ገለበጡ። አዲስ መንግሥት አወጁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማንን አደረጉ? ራስ እምሩን! የሞስኮ አምባሳደሩ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ።

እስቲ አስቡት። እነዚህ ወጣቶች ናቸው። አሮጌውን ሥርዓት እንጥላለን ብለው የተነሡ። መኳንንቱን ቤተ መንግሥት ውስጥ አግተዋል። ከዚያ ከመኳንንቱ መሃል አንድ ሽማግሌ፣ የንጉሡን የሥጋ ዘመድ፣ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ይሁኑ አሉ። ሴራውን ያሤሩት እሳቸው አልነበሩም። ስማቸው ነበር የተፈለገው። ሕዝቡ ራስ እምሩ አሉበት ሲባል ያምናል ብለው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ከአገር ርቆ የኖረ ሰው ስሙ ይሄን ያህል ንጹህ ሆኖ ቆየ። ማራቁ አልሠራም ማለት ነው።

ነገሩ በጥቂት ቀን አለቀ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የታገቱት መኳንንት ላይ ተኮሱባቸው። ራስ አበበ አረጋይ እዚያ ሞቱ። ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያ ሞቱ። ገርማሜ ሞተ። ጄኔራል መንግሥቱ ተሰቀሉ። ራስ እምሩስ? አልተከሰሱም፣ አልታሰሩም። በመጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ልቀቁት። አብረው ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ያውቋቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሥልጣን አልያዙም። ቤታቸው ግን ከዲፕሎማሲ አልወጣም። ልጃቸው ሚካኤል እምሩ በ1950ዎቹ በዋሽንግተንም በሞስኮም አምባሳደር ሆነዋል፤ የአባታቸውን ወንበር ተከትለው ማለት ነው። ሴት ልጃቸው ዮዲት እምሩም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስም ያላቸው ናቸው። በሐምሌ 1966 ዓ.ም. ደግሞ አብዮቱ ሲግል ጠቅላይ ሚኒስትር የተደረገው ማን ነው? ሚካኤል እምሩ! አባት በግልበጣ ለጥቂት ቀን፣ ልጅ በአብዮት ዋዜማ ከሁለት ወር ላነሰ ጊዜ። የዚህች አገር የጠቅላይ ሚኒስትር ወንበር ለዚህ ቤት ከእሳት ጋር ነው የሚመጣው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳውን ረሸነ። አክሊሉ ሀብተ ወልድም ከእነሱ አንዱ ነበሩ፤ ራስ እምሩ ዋሽንግተን ሲሠሩ የበላያቸው የነበሩት ሰው። ራስ እምሩን ደርግ አልነካቸውም። በነሐሴ 1972 ሲያርፉም በክብር ነው የቀበራቸው። መስፍን የሚባል ሁሉ ጠላት በሆነበት ዘመን! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። እኔ ይሄ ተረት ብዙ ሹም ያበላሸብን ይመስለኛል። እሳቸው ተሹመውም አልበሉ፣ ተሽረውም አልቆጫቸው። መሬቱን ቀድመው ስለሰጡ ደርግ የሚወርሰውም ብዙ አላገኘ። (ጭብጨባ)

ወደ መጨረሻው ነኝ፤ ይሄ አሁን የምር ነው። ማስታወሻቸው ታትሟል። አንብቡት። ከቤተ መንግሥት ሰው ያልተለመደ ግልጽነት አለው። ፖሊ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ ልስጣችሁ፦ የኢንስቲትዩቱን ምሥረታ ታሪክ ካረጁት ሠራተኞች አፍ ቅዱ። ስልካችሁ ቅጂ አለው አይደል? ቲክቶክ ላይ ብቻ አታጥፉት። (ሳቅ) የጨርቃጨርቅ ጡረተኞችም አሉ፤ ሂዱና አነጋግሯቸው፤ እያለፉብን ነው።

አሁን ማይኩን ልስጥ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከእኔ ጋር የማይስማማም ይቃወመኝ፣ ሞስኮም ሹመት ነው የሚል ካለ ልስማው። መጀመሪያ ግን አባቱ ወይም አያቱ ሽሬ የዘመተ ሰው ካለ እድሉን ለእሱ እሰጣለሁ። እጅ እስቲ? አንድ፣ ሁለት… ከኋላ ነጠላ የለበሱት አባት፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ልጆች፣ ማይኩን አድርሱላቸው። አባቴ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደዘመቱ መጀመሪያ ይንገሩን።